ጠባቧ ጀልባና የላክሁት ሽማግሌ

በብርድ ጠዋት ጎረቤቴ የናፍጣ መኪናውን አስነስቶ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። እዚህ ካልገሪ፣ ዋይትሆርን ሰፈር ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ሞተሩ እስኪሞቅ ሲንተከተክ ሌላው ሰው መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ ከፈት አድርጌ አሸተዋለሁ። ድምፁን ሰምቼ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያስቸግረው ከአልጋዬ ሳልነሳ እናገራለሁ። ለጎረቤቴ ነግሬው ነበር፤ ሳቀብኝ። መካኒክ ዘንድ ሄዶ ሲመለስ ግን በሬን አንኳኩቶ «አንተ ሰው፣ የት ነው የተማርከው?» አለኝ። የትም አልተማርኩም። የማውቀውን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴን ነው፤ ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ፣ ተማሪዬም ሰነፍ አልነበረም። የናፍጣ ጭስ ከእርጥብ አየር ጋር ሲደባለቅ ግን ሐሳቤ መኪናው ዘንድ አይቆይም። እንግሊዝ አገር፣ ከበርሚንግሃም ወጣ ብሎ ያለ ጭቃማ ቦይ ይወስደኛል፤ ዛፎቹ ውኃው ላይ ያጎነበሱበት፣ ዳክዬዎቹ ሰው የማይፈሩበት፣ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ከነውሻው ቀድሞን የሚያልፍበት ቦይ። ከዚያ ቀን የተንቀራፈፈ ቀን አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን የተቀደምኩበትም የለም።

ባለፈው ወር ያ ቀን ራሱ እየተራመደ መጣብኝ። ሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልገዛ ቆሜ፣ ባለ ሱቁ «ጋሼ በላቸው፣ ተራዎ ነው» ብሎ ሲጠራኝ፣ ከኋላዬ የነበረች ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ጋሼ በላቸው ነዎት? የጀልባው ጋሼ በላቸው?»

«የምን ጀልባ?»

ስልኳን አውጥታ ፊቴ ላይ ደቀነችው። ጎፈሬው እንደ ቁልል ድርቆሽ የቆመ፣ ቡናማ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ኮሌታው ትከሻው ድረስ የተዘረጋ መልከ መልካም ጎረምሳ የጀልባ መሪ ይዞ ይስቃል። እኔ ነኝ። መልከ መልካም ነበርኩ፤ ሐሰት ምን ያደርግልኛል።

«ላይክ፣ እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ በፍሬም ነው ያለው» አለች። «ሊያ እባላለሁ፤ የአስራትና የጽጌ ልጅ። ዳዲና ማሚ እኮ እኔ ጋ ፓይንሪጅ ሙቭ አድርገዋል። የጋብቻቸው አኒቨርሰሪ ደርሷል፤ ኦ ማይ ጋድ፣ እርስዎ ካልመጡማ ማን ሊመጣ ነው! ዳዲ ሁልጊዜ ይነግረናል፤ ሽማግሌ የሆኑለት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ሽማግሌው! ማሚን ከአንክል ወርቁ የጠየቁለት። ጀልባ ላይ! ሶ ስዊት!»

ሽሮውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። እኔና አስራት በርሚንግሃም አንዲት ክፍል ተካፍለን እንኖር ነበር፤ ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን ዞር እንዳሉ፣ ከአንድ ሕንዳዊ ሱቅ በላይ። ሕንዳዊው ሚጥሚጣ የሚመስል ነገር ይሸጥልን ነበር፤ በርበሬ ከአገር ቤት እስኪመጣ በእርሱ ነበር የምንኖረው። የጋዝ ማሞቂያችን ሳንቲም ካልጎረሰች አትሠራም። ሳንቲሙ ሲያልቅ ካፖርታችንን እንደለበስን እንተኛለን። ሻይ በጥቂት ፔንስ፣ ድንች ጥብስ ኮምጣጤ ተርከፍክፎበት በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የሆነ ገብስማ ዳቦ ደግሞ ማታ ማታ በግማሽ ዋጋ። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሰፋ ነበር፤ ጫማችን ተረከዙ ጡብ ያክላል። ያንን የቆዳ ጃኬት ከቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ ልብስ ሻጭ ነው ያነሳሁት፤ ቁልፎቹን ራሴ ቀይሬ፣ በቅባት አሽቼ፣ ከሱቅ ከወጣው አስበልጬዋለሁ። አስራት አንዲት ካሴት ማጫወቻ ነበረችው፤ ካሴቱም አንድ ነበር፣ ትዝታ። ክሩ በተጠቀለለ ቁጥር በእርሳስ እያጠነጠንኩ የማቀናው እኔ ነበርኩ። አገር ቤት ነገር ተበላሽቶ ማንም ወደ ማንም የማይመለስበት ጊዜ ነበርና፣ ያችን ካሴት እንደ ሰነፍ ልጅ እያባበልን ነው ያኖርናት።

አስራት የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ክራባት ያስራል። እኔ የአውቶቡስ ጋራዥ በጽዳት ገብቼ፣ ብዙም ሳልቆይ ሞተር ፈትቼ የምገጥም ሆንኩ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እስከ መጨረሻው። ዛሬም መጽሐፉን የያዘ ሰው ይምጣና ይፈትነኝ።

ጽጌ የጋሽ ወርቁ ታናሽ እህት ናት። ጋሽ ወርቁ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። በዚያ ከተማ ላለነው ጥቂት ሐበሾች አባትም ዳኛም እርሳቸው ነበሩ። እሑድ እሑድ ቤታቸው እንሰበሰባለን። ጽጌ አረንጓዴ ካፖርት ነበራት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ዓይኗን መሸፈን ግን አትችልበትም ነበር። የስፌት መኪናዋ ተበላሸች ተብዬ ተጠርቼ ጠገንኩላት። በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ተበላሸች ተባልኩ። ሄጄ ብፈታት ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ስጠራ መፍቻም ይዤ አልሄድኩም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚገልጽ መዝገበ ቃላት የለም፤ የሚገባው ይገባዋል።

ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ሽማግሌ ቢቻል ሦስት ሆኖ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በጠዋት ነው የሚሄደው። በዚያ ከተማ ግን ሽበት ያለው ሐበሻ አንድ ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ ተጠያቂው ናቸው። ስለዚህ አስራትን ላክሁ። ምላሱ ለስላሳ ነው፤ ሰው ፊት ሲቆም ያምርበታል። «ለአንተ ያልሆነ ምላስ ይቆረጥ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ቀሪው ቦታ ነበር። የጋሽ ወርቁ ቤት እንግዳ አይጠፋውም፤ እንግዳ ከሌለም እርሳቸው ለማታ ሺፍት ይተኛሉ። ተነስተው የማይሄዱበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ነው የእኔ ጭንቅላት የሠራው። ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ጀልባ ነበረው፤ ሞተሯን ጠግኜለት ስለነበር ለአንድ እሑድ ሰጠኝ። ከጀልባ ላይ ተነስቶ የሚሄድ ሰው የለም።

እነዚያን ጀልባዎች ላላየ ሰው ልንገር። ጠባብ ናት፤ ሁለት እጅህን ብትዘረጋ ግራና ቀኟን ልትነካ ምንም አይቀርህም። ርዝመቷ ግን ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ቢቆም ነው። ጎኗ ቀይና አረንጓዴ ተቀብቶ ጽጌረዳ ተስሎበታል። መሐሏ እንደ ባቡር ፉርጎ የተሸፈነ ክፍል ነው፤ ምድጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የነሐስ ማንቆርቆሪያ። ፊቷ ላይ ሰዎች ተቀምጠው የሚጫወቱባት ትንሽ በረንዳ አለች። ጅራቷ ላይ ደግሞ ነጂው ብቻውን ይቆማል፤ ሞተሩ ከእግሩ ሥር፣ የመሪው ዘንግ በብብቱ። ዘንጉ ሥራው በተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ለመሄድ ወደ ቀኝ ትገፋዋለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ዳር ከዳር ሲላተም ይውላል። እኔ ከመጀመሪያው ድልድይ ሥር እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ነው ያሳለፍኳት። የዳር ሰው ቆሞ አይቶኝ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትነዳው?» ሲለኝ፣ «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ» አልኩት።

ቀኑ የጸዳ ነበር፤ እንግሊዞች በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያዩት ዓይነት። መጀመሪያ የፋብሪካዎቹን ጀርባ አለፍን፣ የተሰባበሩ መስኮቶችና የጡብ ጭስ ማውጫዎች። ከዚያ ከተማው አለቀና መስክ ሆነ። ላሞች ውኃው ዳር መጥተው ያዩናል። ዓሣ አጥማጆች ረጃጅም ዘንጋቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ያሳልፉናል፤ ካለፍን በኋላ ደግሞ መልሰው ያስገባሉ፣ ምንም ሳይናገሩ። የድሮ ፈረሶች ጀልባ ሲጎትቱ ገመዱ የድልድዮቹን ማዕዘን ቦርቡሮታል፤ ጣቴን ሰድጄ ነካሁት። የጀልባዋ ፍጥነት የሰው እርምጃ አያክልም። ዛሬ ካልገሪ ውስጥ ባቡሩ ትንሽ ሲዘገይ ስልካቸውን እያዩ የሚቁነጠነጡትን ወጣቶች ሳይ፣ አንድ ቀን ያች ጀልባ ላይ ባስቀመጥኳቸው እላለሁ።

ጋሽ ወርቁና አስራት ፊት ተቀምጠዋል። ከእኔ እስከ እነርሱ ያለው ርቀት፣ ሰው ሲስቅ ጥርሱ የሚታይበት፣ የሚስቅበት ነገር ግን የማይሰማበት ርቀት ነው። ሞተሩ ከሥሬ ያንጓጓል፤ ቢጠሩኝም አልሰማ። አልተጨነቅሁም። ለዚሁ አይደል አስራት ያለው።

ረፋዱ ላይ ጽጌ በክፍሉ ውስጥ አልፋ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ካፖርቷን አውልቃ ሹራብ ብቻ ነበር የለበሰችው። አጠገቤ ቆመች፤ ከዚያ በላይ ቦታም የለም።

«አይደክምህም?»

«ይሄ ያደክማል? ይሄ ጨዋታ ነው።»

«እስቲ ልያዘው።»

ዘንጉን ሰጠኋት። ጀልባዋን ቀጥ አድርጋ ሸምበቆው ውስጥ ልትከታት ነበር፤ እጇ ላይ እጄን ጭኜ መለስኳት። ሳቀች። እጇ እጄ ሥር ስለነበረ አፏን መሸፈን አልቻለችም።

«በላቸው፣ ምንም የምትለኝ ነገር የለህም?» አለች፤ ውኃውን እያየች።

ነበረኝ! ግን ሽማግሌ የላከ ሰው አፉን ይዘጋል፤ ወጉ ይህ ነው። ነገሩ በሽማግሌ እጅ ሳለ ልጅቷን ለብቻዋ ይዞ ማባበል የባለጌ ሥራ ነው። ደግሞ አስራት ገና ቃል ሳያወጣ እኔ ብናገር፣ ወንድሟ ቢሰማ፣ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ስለ ናፍጣ ሞተር አስረዳኋት።

«ይኸውልሽ፣ የቤንዚን ሞተር በብልጭታ ነው የሚነሳው። ናፍጣ ግን ብልጭታ አይፈልግም፤ አየሩን አምቀሽ አምቀሽ ስታግይው በራሱ ይቀጣጠላል።»

«በራሱ?»

«በራሱ።»

«ጉድ ነው» አለች። የጠጣሁበትን ስኒ ተቀብላ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ጨዋነቴን አይታልኝ ሄደች ብዬ ኮራሁ።

ወዲያው አስራት ፊት ላይ ብድግ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ጋሽ ወርቁ እንደተቀመጡ ናቸው። ነገሩ ተጀመረ። ሽማግሌ ተቀመጥ እስኪባል ድረስ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ተቀመጥ ከተባለ ነገሩ ሰምሯል። እኔ ከጅራቷ ሆኜ የምጠብቀው ያንን አንድ ምልክት ብቻ ነበር። አስራት ይናገራል፤ ጋሽ ወርቁ ያዳምጣሉ፣ አገጫቸውን ያሻሉ፣ ወደ እኔ ዞረው ያያሉ፣ ደግሞ ወደ እርሱ። ጎንበስ ቀና እያልኩ ቀጥ አድርጌ እነዳለሁ፤ እንዲያዩኝ። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ዘርግተው አግዳሚውን መታ መታ አደረጉት። ተቀመጥ! አስራት ግን አልተቀመጠም፤ ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ሲል አየሁት። በዚያች ቅጽበት ድልድይ መጣብኝ፤ ጠባብ፣ ጠማማ፣ ከእነዚያ ሁሉ ድልድዮች የከፋው። ዓይኔን ከእነርሱ ነቅዬ ድልድዩ ላይ ተከልኩ። ሳልነካ አለፍኩት፤ ሁለቱም ጎን የእጅ መዳፍ ያህል ነበር የቀረው። ስወጣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይስቃሉ። የጀልባዋን ጥሩምባ ነፋሁ። ዳክዬዎቹ ሁሉ ተነሱ። አስራት ዞሮ እጁን እንኳ አላወዛወዘልኝም፤ ደስታው ነው አልኩ።

ጥቂት እንደሄድን የውኃ በር ደረስን። ቦዩ ቁልቁል የሚወርደው በእነዚህ በሮች ነው፤ ጀልባዋን ሁለት በር መሐል አስገብተው ይዘጉና ውኃውን ሲለቁት፣ ጀልባዋ ከነሰዉ ቀስ እያለች እንደ ጉድጓድ ወዳለ ቦታ ትወርዳለች። ጋሽ ወርቁ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ጽጌን እያነጋገሯት ነው። አስራት ዳር ወርዶ የብረት እጀታውን ያዞራል፤ እኔ ከመሪው አጠገብ ገመድ ይዣለሁ።

«አንተ! እንኳን ደስ ያለህ አትለኝም እንዴ?» አልኩት።

እጀታውን ማዞሩን አላቆመም። «በሌ፣ ነገሩ እንዳሰብነው አልሄደም።»

«እንዴት አልሄደም? ተቀመጥ ሲሉህ አይቻለሁ እኮ።»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«ስምህን ሳነሳ ምን ተምሯል አሉኝ። ጋራዥ ነው የሚሠራው አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። እህቴን ለመካኒክ አልሰጥም ሊሉ ሲሉ… እንዳይበላሽ ብዬ…»

«እንዳይበላሽ ብለህ ምን?»

«ለራሴ ጠየቅኩ።»

ውኃው መውረድ ጀምሯል። እርሱ ላይ ቆሟል፤ እኔ ከጀልባዋ ጋር እወርዳለሁ። የጡቡ ግድግዳ ከግራና ቀኝ እየረዘመ፣ አረንጓዴ ዝቃጩ እየተንጠባጠበ፣ የአስራት ጫማ መጀመሪያ ከደረቴ፣ ከዚያ ከዓይኔ፣ ከዚያ ከጭንቅላቴ በላይ ሆነ።

«ለእኔ እንዳይበላሽ ብለህ ለራስህ አደረግከው?»

«ለማያውቃት ለሌላ ሰው ከሚሰጧት ለእኔ ይሻላል ብዬ ነው!»

«ምላሴ ይቆረጥ ብለህ ምለህልኝ ነበር!»

«ጮክ አትበል፣ ይሰማሉ!»

ከጉድጓዱ ሆኜ ቀና ስል የሚታየኝ ሰማይና ጫማው ብቻ ነበር። አስራት ጉልበት ሲስም ያየሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ ጉልበት አይስምም። ጉልበት የሚስመው ሙሽራ ነው።

መንገዱ ገና ግማሹ ነው። ጀልባ መንዳት የሚችል ሌላ ሰው የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ የቻልኩት። ዞር የሚባልበት ሰፊ ቦታ ድረስ ነዳኋቸው፤ ከዚያ መልሼ፣ በዚያ ሁሉ በር፣ በዚያ ሁሉ ድልድይ፣ ከሰው እርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት። ሦስቱ ፊት ተቀምጠዋል። ጽጌ ከክፍሉ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞረችም። ሸጋ ፀሐይ ነበረች። ዳር ላይ ሰዎች ብርድ ልብስ ዘርግተው ይበላሉ፤ እጃቸውን ያወዛውዙልናል፤ እኔም አወዛውዛለሁ። አንድም ቦታ አልነካሁም፣ አንድም ጭረት የለም። ስንደርስ ጋሽ ወርቁ እጄን ጨብጠው «አንተ ልጅ፣ ቀኑን አሳመርከው» አሉኝ። በሆዴ ተሳደብኩ። የተማረ ሰው ንቀት በጣፋጭ ቃል ነው የሚመጣው አልኩ። እምቢ ተብዬ ደጅ ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም። በሳምንቱ ክፍሉን ለአስራት ለቀቅኩለት፤ ካሴቱን እንኳ አላበላሸሁበትም።

ከዚያ ወዲያ ካናዳ መጣሁ። አንድ ነገር ግን አብሮኝ ተሻገረ፤ «ምን ተምሯል?» የምትለው የጋሽ ወርቁ ጥያቄ። የቦይለር ሥራ ከመጽሐፍ ተማርኩ፤ የካልገሪው ቤልትላይን ሰፈር ውስጥ ማሞቂያው በእጄ ያላለፈ ፎቅ ጥቂት ነው። ኤሌክትሪክ ተማርኩ፣ ፈተናውን ወጣቶች ወድቀው እኔ አለፍኩ። ታሪክ አነበብኩ፣ ሥነ ፈለክ አነበብኩ፣ ጊታር ሳይቀር ሞከርኩ። ደግ ሚስት አገባሁ፤ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰው፣ መቼ ነው የምትመረቀው?» ትለኝ ነበር ማታ መጽሐፍ ይዤ ስታየኝ። ጋሽ ወርቁ ሞቱ የተባልኩ ቀን ደውሎ ላረዳኝ ሰው «ዲፕሎማ የሌለው ሰው ያለቅስላቸዋል ወይ?» ብዬ ዘጋሁበት። እንዲህ ነበር የያዝኩባቸው።

እንግዲህ ሊያ የጋበዘችኝ በዓል ዕለት ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር ነው የሄድኩት፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። የአስራት ቤተሰብ ጴንጤ ናቸው፤ በዓሉ ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ድፎ ዳቦ፣ ፊኛ። ልጆቹ እንግሊዝኛ እየተንጫጩ በጠረጴዛዎቹ መሐል ይሯሯጣሉ። አስራት ከበሩ ተቀበለኝ። ጸጉሩ አልቋል፤ ክራባቱ ግን አለ። አቅፎ ጆሮዬ ሥር ገባ።

«በሌ፣ የድሮ ነገር አናነሳም አይደል? ልጆች አሉ።»

«የምን የድሮ ነገር? ሽማግሌህ ነበርኩ አሉኝ እኮ።»

«እንዲያው ላከብርህ ብዬ ነው።»

«ላኪውን ተላኪ አድርገህ ነው የምታከብረኝ?»

«ታዲያ ለልጆቼ ምን ልበላቸው? ንገረኛ!» አለ። ሰው መጥቶ ወሰደው።

ጽጌ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ምርኩዝ ወንበሯ ላይ ተደግፎ። ዓይኗ ያው ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደህና ነህ ወይ፣ ልጆች አሉህ ወይ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው ተባባልን። ከዚያ የለስላሳውን ብርጭቆ እያዞረች፦

«እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለታችንም ዛሬ ነገ የምንባል ነን፤ ቅር አይበልህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ምን አድርጌህ ነው ለሌላ ሰው የሰጠኸኝ?»

ወንበሬን ወደ እርሷ አዞርኩ።

«ጠዋት ሻይ ይዤልህ መጣሁ» አለች። «አፍ አውጥቼ ጠየቅሁህ። ስለ ናፍጣ አወራኸኝ። ከዚያ ጋሼ ወርቁ ክፍሉ ውስጥ ጠርቶ፣ በላቸው እኮ ለአስራት ሽማግሌ ሆኖ ነው፣ ቀኑንም ያዘጋጀው ለዚሁ ነው፣ አለኝ። ራሱም ደንግጦ ነበር። እኔስ በላቸው ለራሱ ይጠይቃል ብዬ ነበር የመጣሁት አለ። እጁ ወርቅ ነው ይልህ ነበር፣ የሚያውቅ ሰው ነው ይልህ ነበር። አንተ ራስህ ከመረጥክልኝ ምን ልበል? እሺ አልኩ።»

«ምን ተምሯል አላሉም?»

«ማን?»

«ጋሽ ወርቁ። ስለ እኔ ሲነገራቸው፣ ምን ተምሯል አላሉም?»

«ስለ አንተ ማን ነገረው? አስራት ስለ ራሱ ነው የጠየቀው፤ አንተ ልከኸው።»

ወንበሩን ያዝኩ። የውኃው በር ላይ አስራት የነገረኝ ነገር አንዱም አልተባለም። ስሜ ለራሴ ጉዳይ አልተነሳም። ጥያቄውን ማንም አልጠየቀም። ያን ሁሉ መጽሐፍ፣ ያን ሁሉ ፈተና፣ ያን ሁሉ ማታ ለማን ስመልስ ኖርኩ? አንድ ደግ ሰው በልቤ ጠልቼ፣ ሬሳው ላይ በስልክ አፌዝኩ። አስራት የወሰደብኝ ልጅቷን ብቻ መስሎኝ ነበር። በእርሷ ዘንድ ያለኝን ስምም፣ በወንድሟ ዘንድ ያለኝን ስምም በዚያው ቆሞ በተናገረባት ጥቂት ጊዜ ጠቅልሎ ወስዶታል፤ እኔ ጥሩምባ እየነፋሁለት።

«ጽጌ፣ ስሚኝ…» ስል ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ሊያ መድረክ ላይ ናት።

«አሁን ደግሞ ስፔሻል ገስት! ያን ቀን ጀልባዋን የነዱት፣ ማሚን ለዳዲ የጠየቁልን፣ ጋሼ በላቸው! ፕሊዝ፣ ይምጡልን!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ተነሳሁ። መንገዱን ሁሉ ሰው እጄን እየጨበጠ አሳለፈኝ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ በቃሌ የያዝኩት፣ በጥቅስ ያስጌጥኩት። ሁሉንም ተውኩት።

«ያን ቀን ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «የተላከው አስራት ነው። ጽጌን ለእኔ እንዲጠይቅልኝ ነበር የላክሁት። ለራሱ ጠየቀ።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጋሼ ጨዋታ ያውቃሉ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊያ ዓይኗን እየጠረገች ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው፤ ልጆቹም ሳቁ። አንዲት እናት እልል አለች። ከሁሉ ቀድሞ ማጨብጨብ የጀመረው አስራት ነበር፤ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ እየሳቀ፣ ሰው ሁሉ እንዲከተለው ወዲያና ወዲህ እያየ ያጨበጭባል። ሰዉም ተከተለው።

ጽጌ አልሳቀችም። ምርኩዟን ይዛ ተነሳች፤ ቀስ እያለች በጠረጴዛዎቹ መሐል አልፋ ባሏ አጠገብ ደረሰች። ማንም ልብ አላላትም፤ እኔ ከመድረኩ ላይ እያየኋት ነበር። ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቹን በሁለት እጇ ያዘች፤ ማጨብጨቡን እስኪያቆም ድረስም አልለቀቀችውም።